ሃያ አምስተኛው ወረቀት

አዛውንቱ ሥዕል ሰብሳቢ በሥራ ክፍላቸው ወለል ላይ ተንጋለው ነበር የተገኙት። ጭንቅላታቸውን የብረቱ ካቢኔ ጠርዝ መቷቸዋል። መነጽራቸው ግን በወግ ተጣጥፎ ደረታቸው ላይ ተቀምጧል፤ እጅጌያቸው ላይ ደግሞ ከተቀረጸ እርሳስ የረገፈ ልጣጭ አለ።

መርማሪዋ አጎንብሳ አየች። ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» የሚሏት በከንቱ አይደለም።

«መነጽሩን ማን አጣጠፈው?»

«እኔ አልነካሁም» አለ አስከሬኑን ያገኘው የሟች ልጅ። ዓይኑ ቀልቷል። «ጠዋት ተጨቃጭቀን ወጣሁ። ስመለስ እንዲህ ሆኖ ጠበቀኝ።»

«በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«በነዚህ ነዋ! ዕድሜውን ሙሉ የድሮ ካርቱን ፊልም የተሠራባቸውን ንድፎች ሲለቅም ኖረ። የኔን ልደት ይረሳል፤ የነሱን ቁጥር ግን በቃሉ ነው የሚያውቀው።»

ጠረጴዛው ላይ አንድ ክምር ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ ወደ በር ትሮጣለች፣ ዞር ትላለች፣ እጇን ታውለበልባለች። በእርሳስ የተሣሉ ሃያ አራት ወረቀቶች ናቸው፤ ለፊልም አንድ ሰከንድ። መርማሪዋ ቆጠረች፤ የጎደለ የለም። አንድ ቁጥር ግን ከሁሉም በታች ነው።

«አባትህ እንዲህ ነበር የሚደረድሩት?»

«ኧረ በጭራሽ! እንደ መጽሐፍ ነው፤ አንድ ቁጥር ከላይ።»

ቀጥሎ የተጠየቀው የአዛውንቱ ደንበኛ የሆነው ፍሬም ሠሪ ነበር፤ ወሬ የማይጠግብ ሰው ነው፣ ዛሬ ግን ድምፁ ሰልሏል።

«እኩለ ቀን ላይ መጥቼ አሥራ ሁለት ቁጥርን ወስጄ ሄድኩ። ሃያ አራቱንም ለየብቻ ፍሬም አስገብተው ለወዳጆቻቸው ሊያድሏቸው ነበር። አንዱን ለሙከራ አስቀደምነው።»

«አሥራ ሁለት ቁጥር አሁን የት ነው?»

«ሱቄ ውስጥ ነዋ፤ መስታወት ገብቶለታል።»

መርማሪዋ ወደ ክምሩ ተመልሳ ከመሃሉ አሥራ ሁለት ቁጥርን መዘዘችና ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች።

የመጨረሻዋ ተጠያቂ፣ የሟች ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ «እትዬ እርሳስ» የሚላቸው አሮጊት ነበሩ። ያ ፊልም በተሠራበት ስቱዲዮ በወጣትነታቸው ሥለዋል፤ የአዛውንቱም የረጅም ዘመን ወዳጅ ናቸው።

«ከሰዓት በኋላ መጥቼ አንኳኳሁ» አሉ እጃቸውን ከኮታቸው ኪስ ሳያወጡ። «የሚከፍትልኝ ሳጣ ተመለስኩ።»

በማግስቱ መርማሪዋ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች። ፍሬም ሠሪው የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ መጣ።

«ንድፎቹ ሃያ አራት ናቸው» ብላ ጀመረች። «አንዱ ፍሬም ቤት ነው። ሃያ ሦስት መቅረት ነበረበት፤ እዚህ ግን ሃያ አራት አገኘሁ። ሃያ አምስተኛው ከየት መጣ?»

ወረቀቱን ከሌሎቹ ጎን አኖረችው። ሌሎቹ ወይበዋል፤ ይህ ነጭ ነው። ወረቀቱ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎችም በቢላ የተበሱ ናቸው።

«ሌባ ይወስዳል እንጂ አይጨምርም። ይህ የተሣለው ፍሬም ሠሪው ከሄደ በኋላ ነው። እርሳሱ ሲቀረጽ ልጣጩ የረገፈው ደግሞ ወለል ላይ በወደቀ ሰው እጅጌ ላይ ነው።»

«አባባ አጠገቡ ሞቶ ቁጭ ብሎ የሣለ ሰው አለ ነው የምትይኝ?» ልጁ ከመቀመጫው ተነሣ።

«አዎ። እጁም ሌሎቹን የሣለው እጅ ነው። በስቱዲዮ የሠራ ሰው አንድ ቁጥርን ከታች ያደርጋል፤ እንቅስቃሴውን የሚያየው ከታች ወደ ላይ እየገለጠ ነው። አንድ ጡረተኛ ካሜራማን ነው ያስረዳኝ። እትዬ፣ መነጽሩንም ያጣጠፉት እርስዎ ነዎት።»

አሮጊቷ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ጣታቸው በእርሳስ ጠቁሯል።

«እንዳይሰበርባቸው ብዬ ነው» አሉ።

ከዚያ ወደ ንድፎቹ አመለከቱ።

«ልጄ ናት። ሰባት ዓመቷ ነበር። ወደ በር ስትሮጥ እያየሁ ሣልኳት፤ ዓመቱ ሳይሞላ ሞተችብኝ። ፎቶ እንኳ የለኝም፤ ያለችኝ አንድ ሰከንድ ናት። በየሰው ግድግዳ ሲበትኗት እኮ ትቆማለች፣ አትሮጥም! ለመንኳቸው። ክምሩን ያዝኩ፣ እሳቸውም ያዙ። ገፋሁ። ስጠራቸው ዝም አሉኝ።»

«ለምን የሰው ያለህ አላሉም?»

«ወረቀቱ ተበትኖ ነበር። ስሰበስብ አንዷ ጎደለችብኝ።»

ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። ብዙ ቆይቶ የፍሬም ሠሪውን ጥቅል ፈታ፣ አሥራ ሁለት ቁጥርን አወጣና ራሱ በቦታዋ አስገባት።

«የአባቴን ሞት ይቅር አልልዎትም፣ እትዬ» አለ። «እሷን ግን አልበትናትም።»

አሮጊቷ ወደ መርማሪዋ ቀና አሉ። ወይዘሮ ለምን አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ ክምሩን አስጠጋችላቸው።

ወረቀቶቹ በአሮጊቷ አውራ ጣት ሥር ተገለጡ። ልጅቷ ወደ በሩ ሮጠች፣ ዞር አለች፣ እጇን አውለበለበች። ከዚያ አሮጊቷ ክምሩን አስተካክለው፣ አንድ ቁጥር ከታች መሆኗን አይተው፣ ሁለት እጃቸውን ለመርማሪዋ ዘረጉ።