ዘይት የጠጣው ማሽን

በዚያ ሰፈር ጎረቤቱ ሁሉ መስኮቱን የሚጠረቅመው ሁለት ነገር ሲነሳ ነበር፤ አንዱ አውሎ ነፋስ፣ ሌላው የሰጋቱራ ማሽን። ከሁለቱ አውሎ ነፋሱ ይሻላል፤ እሱ እንኳ መጥቶ ይሄዳል።

ሰጋቱራ የወጣላት ስም አይደለም። የወጣላትን ስም እናቷም ሳትረሳው አልቀረችም። ከጸጉሯ፣ ከሽፋሽፍቷ፣ አንዳንዴም ከምትጠጣው ሻይ የእንጨት ብናኝ ስለማይጠፋ ሰፈርተኛው የለጠፈባት ቅጽል ነው። ቆንጆ ናት። ቆንጆ ሲባል ደግሞ ለወግ ያህል አይደለም፤ እሷ መንገድ ስትሻገር ሹፌሮች አረንጓዴ መብራት ላይ ፍሬን ይይዛሉ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን ሊውጥ ይደርሳል። እሷ ግን ይህን አታይም። የምታየው እንጨት ብቻ ነው።

ማሽኑን ከአንድ የተዘጋ ወርክሾፕ ብረት በብረት ለቅማ አምጥታ፣ ሳሎኑ መሃል በገዛ እጇ ገጥማዋለች። ሰፊ ጠረጴዛ ነው። ግራና ቀኙ ሐዲድ አለው፤ በሐዲዱ ላይ ጠመዝማዛ ዘንግ እየገፋው የሚሄድ ሞተር ይንጠለጠላል፤ በሞተሩ አፍ ላይ ደግሞ እየተሽከረከረ እንጨት የሚበላ ስለታም ፑንታ ይገባል። ኮምፒውተሩ ላይ አበባ ከሣልክ፣ እንጨቱ ላይ አበባ ይቀርጽልሃል። ሲቀርጽ ግን ሦስት ሰፈር ያንቀጠቅጣል፤ በግንቡ ማዶ የሚኖሩት አሮጊት ጥርሳቸውን ከብርጭቆ ውስጥ አውጥተው በእጃቸው ይይዙታል ይባላል።

አባቷ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። መሪውን ከለቀቀ ቢቆይም ቤቱን ሁሉ እንደ አውቶቡስ ነው የሚያስተዳድረው። ምሳ ሲቀርብ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይላል፤ ሰው ደጅ ሲያንኳኳ «ወራጅ አለ?» ይላል። ከማሽኑ ጋር አንድ ሳሎን መጋራት ግን አንገፍግፎታል። በዚህ መሃል ባለ ፈርኒቸሩ ማሽኑ ላይ ዓይኑን ጣለ።

ባለ ፈርኒቸሩ ከዋናው መንገድ ዳር ትልቅ የአልጋና የቁም ሣጥን መደብር ያለው ሰው ነው። ዕድሜው ከአባቷ ቢያንስ በአንድ ሽበት ነው። ለአባቷ እንዲህ አለው፤ «ማሽኑም ለመደብሬ፣ ልጅቱም ለቤቴ። ሁለቱንም በክብር እይዛለሁ።»

አባት ይህን ሐሳብ ወደደው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ፍርዱን አስታወቀ።

«ስሚ፣ የኔ ልጅ። የበራችን መሃል ሰሌዳ በስብሷል። ማሽንሽ አዲሱን ሰሌዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆም ከቀረጸ፣ ሳሎኑ የእሱ ነው፤ እኔ ጓዳ እተኛለሁ። መንገድ ላይ ከቆመ ግን ቅዳሜ ባለ ፈርኒቸሩ መኪና ይዞ ይመጣል። ማሽኑን ከኋላ ይጭነዋል።»

«እኔንስ?»

«አንቺን ጋቢና።»

እናቷ ከጓዳ ሳል ያዛት። ሳቅ ይሁን ሳል አልታወቀም።

«አባዬ፣ እኔ ጭነትም ተሳፋሪም አይደለሁም» አለች ሰጋቱራ፣ ከእጇ ላይ ብናኝ እያራገፈች። «ማሽኑ ከወጣ እኔም እወጣለሁ። ግን በእግሬ ነው፤ መንገዱንም የምመርጠው እኔ ነኝ።»

አፏ ይህን ይበል እንጂ ማሽኑን አላመነችውም። ማሽኑ ታሟል። ሰሞኑን የሚቀርጸው አበባ ሁሉ አንዱ ቅጠል ከሌላው ሸሽቶ፣ ግንዱ ከሥሩ ተለያይቶ ይወጣል። ያየችውን ብሎን ሁሉ አጥብቃለች፤ ለውጥ የለም።

በማግስቱ ከነዚህ ጠማማ አበቦች አንዱን በብብቷ ይዛ በልብስ ሰፊዎች መንገድ ስታልፍ፣ ከአንድ ጠባብ በር ሥር ድምፅ ሰማች።

«እህቴ፣ ይሄ አበባ ጠጥቶ ነው?»

ዞረች። የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው፤ ሰፈሩ ባለ መርፌው ይለዋል። ቀጭን፣ ጆሮ ትልቅ፣ ጣቶቹ እንደ ሸረሪት እግር የረዘሙ። ከሸሚዙ ኪስ አፍንጫዋ የረዘመ የዘይት ማንቆርቆሪያ ብቅ ብላለች፤ ሰውየው ከሷ ጋር ነው የሚተኛው ይባላል።

«አዎ፣ ጠጥቷል። ቀጂው አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔስ አስታማሚ ነኝ። ማሽን ነው የቀረጸው?»

«የእንጨት መቅረጫ። ታውቀዋለህ?»

ባለ መርፌው ደረቱን ነፋ። «እኔ የማልጠግነው ማሽን ገና አልተሠራም!»

እሷም አየችው፤ እሱም አያት። ከጎን የሚሠራው ልብስ ሰፊ መቀሱን አቁሞ ሁለቱን አየ። «እንግዲያው ቤት መጥተህ እየው» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው መጣ። አባት ከወንበሩ ሳይነሳ ከላይ እስከ ታች ለካው።

«ይሄ ደግሞ የት ፌርማታ ላይ ተሳፈረ?»

«ጠጋኝ ነው፣ አባዬ።»

«ጤና ይስጥልኝ፣ አባት» አለ ባለ መርፌው ጎንበስ ብሎ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ከብረቱ ላይ አጣበቀ። ሞተሩን በቀስታ አዞረ። ደግሞ አዞረ። ሐኪም እንዲህ የሰው ልብ አያዳምጥም።

«ነይ፣ እጅሽን እዚህ አድርጊ» አላት። «ሞተሩ ሲዞር ዘንጉ አንዳንዴ አይከተለውም። ይህቺን ሁለቱን የምታያይዘውን ቀለበት አየሻት? ብሎኗ የጠበቀች ትመስላለች፣ ግን ትንሸራተታለች። የስፌት መኪና ላይ እንዲህ ሲሆን መርፌና ክር ይኳረፋሉ።»

ብሎኗን ፈታ፣ አጽድቶ መልሶ ወጠራት። ሰጋቱራ ዝም ብላ ቆመች። ሰው ሁሉ «ያ ጩኸት» የሚለውን ማሽን፣ እንደ ሰው የሚያናግር ሰው ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

እናቷ ሻይ ውሰጂለት ብላ ጠራቻት። ጓዳ ገብታ ስትመለስ ማሽኑ እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ ባለ መርፌውም እስከ ጆሮው ፈገግ ብሏል፤ ጆሮው ደግሞ ሩቅ ነው።

ሰጋቱራ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ሐዲዱንና ዘንጉን በባዶ ጣቷ የመዳሰስ ልማድ አላት። ቢታመማት እንኳ ያንን ሳታደርግ ማሽን አስነስታ አታውቅም። የዚያን ቀን ሐዲዱን ማየት ሲገባት እሱን አየች።

በማግስቱ የበሩ ሰሌዳ ጠረጴዛው ላይ ታሰረ። አባት እንደ ዳኛ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ባለ መርፌውም «ለማንኛውም» ብሎ መጣ፤ ለምን እንደመጣ ለእናቷ ብቻ ገብቷታል።

ሰጋቱራ ዛሬም ዓይኗ እሱ ላይ ስለነበር፣ ዘንጉን ሳትዳስስ ማሽኑን አስነሳች። በሰሌዳው ላይ ሐረግ ተጎተተ፣ ቅጠሉ ተዘረጋ፣ ብናኙ እንደ ወርቅ ጭስ ሳሎኑን ሞላው። እንዲያ ያለ ሐረግ ምድር ላይ አልበቀለም፤ ንብ ብትገባ ታርፍበት ነበር። አባት ሳያውቀው ከወንበሩ ወደ ፊት ተንጠራራ።

የሰሌዳው መሃል ሲደርስ ማሽኑ አቃሰተ። ተንገጫገጨ። ፑንታው ከሐረጉ አፈትልኮ እንጨቱን ከቅጠል እስከ ቅጠል ሸረከተውና ቀጥ አለ።

«ቆመ» አለ አባት።

ሰጋቱራ ዘንጉን በጣቷ ዳሰሰች። ጣቷ ጥቁር ሊጥ ይዞ ወጣ። ዘይትና ብናኝ ተላቁጦ፣ ዘንጉን አንቆ ይዞታል።

«ዘይት ማን ቀባው?»

 ባለ መርፌው ዝም ብሎ ቢቆም ጥፋቱ የማሽኑ እርጅና ሆኖ ይቀር ነበር፤ አባትም «ድሮም አሮጌ ነው» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ ባለ መርፌው። «ሻይ ልታመጪ ስትገቢ። የስፌት መኪና ካልጠጣ አይሠራም፤ ይሄም የጠማው መስሎኝ…»

«እንዲህ ያለ ማሽን ጠግነህ ታውቃለህ?»

«አይቼም አላውቅ።»

«የማልጠግነው ማሽን አልተሠራም አላልክም?»

«ይሄ መሠራቱን አልሰማሁም ነበር።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። «ውጣ!» አለችው፣ ድምፅዋ ከማሽኑ ድምፅ በልጦ።

እስከ በሩ ሄደ። ከዚያ ዞረ።

«አልወጣም። ያጨማለቅሁት እኔ ነኝ፤ የማጸዳውም እኔ ነኝ። ከዚያ ብትፈልጊ በጥፊ ሸኚኝ።»

«ይሄ ልጅ ዓይን አውጣ ነው!» አለ አባት።

ሰጋቱራ ቡርሹን አንስታ ደረቱ ላይ ወረወረችለት። «እንግዲያው ተንበርከክ።»

ተንበረከከ። እሷም ከጎኑ። ሊጡን በቡርሽ ፈቀፈቁ፣ ዘንጉን ነጭ ጋዝ በነካው ጨርቅ ጥርስ በጥርሱ ጠረጉ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ደጋገሙት።

«እንጨት የሚበላ ማሽን በብናኝ ውስጥ ነው የሚኖረው» አለችው እጇን ሳታቆም። «ዘንጉ እርጥብ ከሆነ ብናኙን ይዞ ያስቀራል። ደረቅ ሲሆን ብናኙ ተራግፎ ይሄዳል። እዚህ ቤት ዘይት ለመጥበሻ ብቻ ነው።»

«ገባኝ።»

«ለምን ዋሸኸኝ?»

ጨርቁን አጠፈ። «አላውቅም ብልሽ መንገድሽን ትቀጥዪ ነበር።»

«እቀጥል ነበር።»

ጣቶቻቸው ዘንጉ ላይ ተገናኙ። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ የማን ጣት የማን እንደሆነ አይለይም። አንዳቸውም አላነሱም።

«አሁንስ?» አላት በለሆሳስ።

«አሁን አድርቅ።»

ማሽኑ እንደገና ተነሳ፤ የቀረውን ሐረግ ያለ አንዳች እንከን ጨረሰ። አባት ግን «የቆመ ቆሟል» ብሎ ፊቱን አዞረ። ባለ መርፌው ሽርክቱን በስቱኮ ልሙላው አላት። እሷ እጁን ያዘችው።

«አይነካም። ያየ ይየው።»

ቅዳሜ ጠዋት ባለ ፈርኒቸሩ ጫኝ ሠራተኞች አስከትሎ፣ ሽቶ ተርከፍክፎ፣ መኪናው ጋቢና ላይ አዲስ ትራስ አስደርጎ መጣ። ሽቶው ሰፈሩን አስነጠሰው። መኪናውን አቁሞ ወደ ቤቱ ሲያመራ ግን ባለበት ደረቀ። አዲሱ በር ተሰቅሏል። ባለ መርፌው መሰላል ላይ ቆሞ በካቻቢቴ የላይኛውን ማጠፊያ ያጠብቃል። ጎረቤቱም ወጥቷል፤ ግማሹ ሐረጉን ሊያይ፣ ግማሹ ጠቡን ሊያይ።

«አቤት ሥራ!» አለ ባለ ፈርኒቸሩ፣ በመዳፉ ሐረጉን እየዳበሰ። እጁ መሃሉ ላይ ደረሰ። «ይሄ ሽርክት ግን ምንድን ነው? ይሄን የመሰለ እንጨት ማነው ያበላሸው?»

«ባሌ ነው» አለች ሰጋቱራ።

ካቻቢቴው ከመሰላሉ ላይ ወደቀ።

«የማን ባል?» አለ አባት።

«የኔ።»

«መቼ አገባሽ?»

«ገና አልጠየቀኝም። ማሽን ላይ ነው እንጂ ሰው ላይ ደፋር አይደለም።» ቃሉ ድንገት ነበር ያመለጣት፤ ካመለጣት በኋላ ግን በሁለት እጇ ያዘችው። «አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያንተ አውቶቡስ መንገድ ላይ ቆሞ አያውቅም?»

አባት ጎረቤቱን አየ። አየሩን አየ። መዋሸት አልሆነለትም።

«ቁልቁለቱ ላይ ሳይቀር ቆሞብኛል።»

«እና ቆመ ብለህ ለመጣው ሰው ሁሉ አስጫንከው?»

«ምን በወጣኝ! ወርጄ፣ ከሥሩ ገብቼ ጠገንኩት። አንድ ተሳፋሪ ሳላጎድል አደረስኩ!» ደረቱ አበጠ፤ ወዲያው ደግሞ የተናገረውን ራሱ ሰማው። በሩን አየ። ሽርክቱን፣ ከሽርክቱ በኋላ ያለውን የተሟላ ሐረግ አየ።  ከዚያ እንደ ድሮው ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ባለ ፈርኒቸሩ ዞረ።

«ወዳጄ፣ ይቅርታ። ጋቢናው ሞልቷል።»

እናቷ ያን ቀን አልሳለችም። እልል ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ከመኪናው ጋር እስከ ዋናው መንገድ ተከትሎ ሸኘው።

ባለ መርፌው አሁንም መሰላሉ ላይ ነው፤ ጆሮው ቲማቲም መስሏል።

«እንግዲህ… ታገቢኛለሽ?»

«አሁን? ሁሉም ከሰማ በኋላ?»

«እኔም እንደነሱ አሁን ነው የሰማሁት!»

«መጀመሪያ ውረድ» አለችው። «ከዚያ እጅህን ጥረግ።»

ወረደ። በሸሚዙ ጠረገ። እሷ ግን እስኪጨርስ አልጠበቀችም፤ እጁን እንደቆሸሸ ያዘችው።

ያ በር ዛሬም ቆሟል። አባት «ቆሞም ቢሆን ደርሷል» ብሎ፣ ቃሉን ጠብቆ ጓዳ ይተኛል፤ እንግዳ ሲመጣም «ጠጋ በሉ፣ ማሽኑ ይለፍ» ይላል። ሽርክቱን ያየ ሁሉ ማነው ያበላሸው ብሎ ይጠይቃል፤ እሷም ለሁሉም ያንኑ ቃል ትመልሳለች። ከበሩ ውጪ፣ ከመቃኑ ጎን፣ አንዲት ምስማር ተመትታለች። ባለ መርፌው ማታ ከሥራ ሲመለስ የዘይት ማንቆርቆሪያውን ከኪሱ አውጥቶ እዚያ ይሰቅላትና ባዶ እጁን ይገባል።