አራት መቶ ስድስት ቃላት

«ይሄ ኮምፒውተር ከተባለማ የኔ ካልኩሌተር ሰርቨር ነው በሉኛ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ተናጋሪው ቻርጀር ነበር፤ የክፍሉን ልጅ ሁሉ የስልክ ቻርጀር እየተዋሰ ስለማይመልስ ስሙ በዚያው ቀርቷል። በእጁ የያዛት ማሽን ስትታጠፍ የመነጽር ማስቀመጫ ታክላለች። ስትከፈት ከላይ መዳፍ የምታህል ስክሪን፣ ከታች እንደ ምስር የተደረደሩ ቁልፎች ብቅ ይላሉ። ቻርጀር በወፍራም ጣቱ አንድ ፊደል ሲጫን ሦስት ተጻፈ፤ ሳቁ እንደገና ፈነዳ።

«ቀስ በል እንጂ! በቃ ስጠኝ!» አለች ድንቢጥ።

ድንቢጥ ትምህርት ቤት ድረስ የተከተላት የቤት ስሟ ነው። ቁመቷ አጭር፣ አፏ ደግሞ አርፎ የማያውቅ ስለሆነ ታላቅ ወንድሟ ነው ያወጣላት። አሁን ግን አፏ ደርቋል። ማሽኗ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረች ወደ ኋላ ወንበሮች ርቃለች።

ነገሩ የተጀመረው በክርክር ነው። የኮምፒውተር አስተማሪያቸው «ኪስ ውስጥ የሚገባ ሙሉ ኮምፒውተር ይጠቅማል ወይስ የቴክኖሎጂ አፍቃሪዎች መጫወቻ ነው?» ብለው ሰሌዳ ላይ ጻፉና ክፍሉን ለሁለት ከፈሉት። የቻርጀር ቡድን አንድም ነገር አላስቀረም። ቁልፉ ጣት ሳይሆን መርፌ ነው የሚፈልገው። ባትሪው ሦስት ሰዓት አይሞላም። ሲሠራ እንደ ካውያ ይግላል። «ስልክ አልሆነ፣ ላፕቶፕ አልሆነ፤ እንደ ሌሊት ወፍ ከወፍም ከአይጥም ሳይሆን የቀረ ዕቃ ነው» ሲል ቻርጀር አጨብጭበውለታል።

ያኔ ድንቢጥ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ወንድሜ አለው። ሁሉንም ነገር የሚሠራው በሱ ነው።»

«ላፕቶፕ መግዣ አጥቶ ይሆናላ!»

ክፍሉን ጸጥ የሚያሰኝ መልስ ነበራት። ወንድሜ ላፕቶፕ ማንሳት አይችልም፤ ይቺው ነበረች መልሷ። ግን ዋጠቻት። የወንድሟን ሕመም ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያውቅ የለም። እንዲያውቁም አልፈለገችም፤ ሰው ካወቀ በኋላ የሚያይበትን ዓይን ታውቀዋለችና። «ማክሰኞ አመጣውና ታዩታላችሁ» ብላ ተቀመጠች።

ማክሰኞ እናቷ ወንድሟን በጠዋት ወደ ሕክምናው ይዛው ትሄዳለች። ማሽኗ ትራሱ አጠገብ ቀርታ ነበር። ድንቢጥ በሹራቧ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። ሳይመለሱ እመልሳታለሁ ብላ።

«ይቺ ጎኗ ላይ ያለችውስ ምንድን ናት?» አለ ቻርጀር ከኋላ ወንበር፣ በጥፍሩ እየተጫነ።

ጠቅ የምትል ድምፅ ተሰማች። የጥፍር ያህል ጥቁር ነገር ከማሽኗ ጎን ተስፈንጥራ ወለሉ ላይ ወደቀች። ሚሞሪ ካርዷ ናት። ድንቢጥ ጮኸች። ልጆቹ ሊፈልጉላት ሁሉም በአንዴ ተነሱ፤ ወንበሮች ተንቋቁ፣ እግሮች ተተራመሱ። በመጨረሻ ያገኘቻት ራሷ ድንቢጥ ናት። በአንድ ወንበር የብረት እግር ሥር፣ ለሁለት ተሰንጥቃ።

ወንድሟን የሰፈር ልጆች ብሎን ይሉታል። ገና በአምስት ዓመቱ የሬዲዮውን ብሎን ፈትቶ መግጠም ያቃተው ዕለት የወጣለት ስም ነው። ከዚያ ወዲህ ግን የፈታውን ሁሉ ገጥሟል። ማሽኗንም የገዛት የሰው ስልክ እየጠገነ ባጠራቀመው ነው። እናታቸው ያን ጊዜ «ልጄ፣ በዚህ ብር ሰው የሚያህል ኮምፒውተር ይገኝ ነበር እኮ» ብላው ነበር። እሱ ስቆ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተታትና «እማዬ፣ ሰው የሚያህለውን ኪሴ ውስጥ ክተችልኛ» አላት።

ከዚያ ሕመሙ መጣ። መጀመሪያ እግሮቹ ከዱት፤ ቀጥሎ ክንዶቹ። ላፕቶፕ ጭኑ ላይ ሲቀመጥ ወፍጮ የተጫነው ይመስል ትንፋሹ ይቆረጣል። ያቺ የተሳቀባት ትንሽ ማሽን ብቻ ደረቱ ላይ ትቀመጥለታለች፤ ያቺን ብቻ በአውራ ጣቱ ይነካል። ሐኪሙ ቀጥሎ የሚሄደው ድምፅህ ነው ብሎ በነገረው ሳምንት ብሎን አንድ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። ስክሪኑ ላይ ቃላት ይደረደራሉ፤ አንዱ ሲነካ ማሽኗ ቃሉን በራሱ በብሎን ድምፅ ትናገራለች።

ሁለቱ ወንድምና እህት ለስድስት ወር ቃላት ሰበሰቡ። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትቀርጻለች። «ውሃ።» «አዙሩኝ።» «መብራቱን አጥፉት።» «ጋዜጠኛ የምትሉት ሰውዬ ይዋሻል፣ ጣቢያውን ቀይሩት።» «ድንቢጥ፣ ዝም በይ።» ይቺን ሲቀርጹ በሳቅ ስምንት ጊዜ ደግመዋታል። ስድስተኛው ወር ላይ የብሎን ምላስ መተሳሰር ጀምሮ ነበር፤ አንዱን ቃል ለማጥራት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። የማሽኗ ሆድ ጠባብ ስለሆነ ሁሉም የተቀመጠው ካርዷ ላይ ነው። ሲያልቅ ሌላ ኮፒ እንሠራለን ተባብለው ነበር።

አስተማሪው ሁለቱን ስባሪዎች ነጭ ወረቀት ላይ አድርገው በአጉሊ መነጽር አዩአቸው። ድንቢጥ በዚያች ደቂቃ ያልጸለየችው ጸሎት አልቀራትም።

«ልጄ፣ ይሄ አልቋል» አሉ። «ምን ነበረበት?»

«የወንድሜ ድምፅ።»

እዚያው ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው። አስተማሪው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «አሁንም ይናገራል?»

«እኔ እሰማዋለሁ። እማዬም ቀስ ሲልላት ትሰማዋለች።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ንገሪው። ዛሬ ነው የምልሽ። ነገ አይደለም።»

«እሺ ቲቸር።»

እሺ ማለት ቀላል ነው። ወደ ቤት ስትሄድ መንገዱን ሙሉ የምትለውን አዘጋጀች። ከአንድ ሱቅ ተመሳሳይ ካርድ ገዝታ ማሽኗ ጎን አስገባች፤ ለምን እንዳደረገችው ለራሷም አልገባትም። ባዶዋ ካርድ ልክ እንደ ፊተኛዋ ጠቅ ብላ ገባች።

ብሎን ከሕክምናው ዝሎ ተመልሷል፤ ማሽኗ ትራሱ አጠገብ እንደሌለች እንኳ ያስተዋለ አይመስልም። ሲያያት በከንፈሩ አንድ ጎን ፈገግ አለ። «ስንት… ደረስን?» አላት፤ ቃላቱ ከጨርቅ በስተጀርባ የሚመጡ ያህል ታፍነዋል።

አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ያዘጋጀችው አልነበረም።

«አራት መቶ ስድስት ቃላት» አለች።

«በቃ… ይበቃናል» አለ ብሎን ዓይኑን እየጨፈነ። «ደክሞኛል። ከእንግዲህ… ላርፍ።»

ያቺ መልስ ናት እንግዲህ ነገሩን ያበላሸችው። ድምፁ ካርዷ ላይ የተቀመጠለት የመሰለው ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ መናገሩን ተወው። መናገር ሲያታክተው ዝም ይላል፤ ሲጠይቁት ቅንድቡን ብቻ ያነሳል። ድንቢጥ ማሽኗን ባትሪዋ አልቋል ብላ ከአልጋው አርቃታለች። ነገ እነግረዋለሁ እያለች ትተኛለች፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ ነገ የሚባል ሌላ ቀን አለ። ረቡዕ «ውሃ» ሲል ገና ውሃ ይመስል ነበር። ዓርብ «ሃ» የምትለዋ ብቻ ቀረች። እሑድ እናቷ ጎንበስ ብላ ሦስቴ አስደገመችው። ድንቢጥ ይህን ሁሉ ትሰማለች። እያንዳንዱ ቃል ከእጇ እንደሚፈስ ውሃ ሲሄድ እየቆጠረች አፏን ይዛ ትሰማለች።

ትምህርት ቤት ክርክሩ በድምፅ ብልጫ ተዘጋ። «መጫወቻ ነው» ያሉት ሃያ ሁለት፣ «ይጠቅማል» ያሉት አሥራ አራት። ድንቢጥ ለየትኛውም እጇን አላወጣችም። ቻርጀር ከኋላዋ ዘንበል ብሎ «ካርዷን ይቅርታ፣ ሆን ብዬ አይደለም» ሲላት ደብተሯን ገለጠች። አስተማሪው «ነገርሽው?» ሲሏት ግን ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አንዱ ውሸት ሌላውን ይወልዳል ሲባል ሰምታ ነበር፤ እንዲህ ቶሎ ቶሎ ይወልዳል ብላ ግን አላሰበችም።

በዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ እናቷ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ተመልሳ ለብሎን ሾርባ እያጎረሰችው ነበር። ብሎን አንድ ነገር አለ።

«ምን አልከኝ የኔ ጌታ? ትኩስ ነው?»

ደገመው።

«ጨው? ትራሱ?»

አንገቱ ላይ ያለው ሥር እስኪገተር ደገመው። ሾርባው በአገጩ ወረደ። እናቷ በፎጣ ጠረገችለትና ሳቅ ለማለት ሞከረች። «ምን ያታግለናል? ለዚህ ቀን አይደል እንዴ ስድስት ወር የለፋችሁት! ድንቢጥ፣ ያቺን ማሽን አምጪያት። ዛሬ ትናገርለት።»

«ቻርጅ የላትም» አለች ድንቢጥ።

«ታዲያ ሰኪያታ።»

ገመዱ ከአልጋው ራስጌ አንድ ክንድ አይርቅም። ድንቢጥ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ወንድሟ ያያታል። ከሰውነቱ ሁሉ ሕመሙ ያልነካው ዓይኑን ነው፤ ያ ዓይን ገና ሳትናገር ነገሩ እንደገባው አየች።

«ብሎን» አለች። «ካርዷ ተሰብራለች። ትምህርት ቤት ወስጄያት። ምንም የለም። አንድም ቃል የለም።»

ማንኪያው ሳህኑ ላይ ተቀመጠ።

«መቼ ነው የሆነው?» አለች እናቷ።

«ማክሰኞ።»

«የትናንት በስቲያው?»

«ያለፈው ሳምንት። ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ።»

«ዘጠኝ ቀን» አለች እናቷ። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። ድንቢጥ በጥፊ ብትመታት ይሻላት ነበር። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ?» ብላ ፎጣዋን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ዝርፍጥ አለች።

ብሎን ተናገረ። ረጅም ነገር ነበር። ድንቢጥ አፉ ላይ ተጠግታ አዳመጠችው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ እሱ የሚለው ጠፍቷት አያውቅም።

«ምን አልክ?»

ደገመው።

«ብሎን፣ አልሰማሁህም። አንዴ ብቻ።»

ለሦስተኛ ጊዜ አልደገመውም። ዓይኑን ጨፈነ። ከጨፈነው ዓይኑ የወጣችው እንባ በጆሮው በኩል ወደ ትራሱ ወረደች፤ እጁን አንስቶ ሊጠርጋት አይችልም፣ ሊጠርግለት ደግሞ የደፈረ የለም።

በማግስቱ እናቷ ከሥራ ቀርታ ማሽኗን አፉ ላይ ይዛ እንዲሞክር ለመነችው። አንድ ጊዜ ሞከረ። መልሰው ሲያሰሙት የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ የሰው ትንፋሽ፣ የማንም ሊሆን የሚችል። ብሎን ከዚያ በኋላ አፉን አልከፈተም። ድንቢጥ ወደ ክፍሉ ስትገባ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ቅዳሜ ከሰዓት ድንቢጥ ማሽኗን ጠረጴዛዋ ላይ ከፍታ በውስጧ ያለውን ሁሉ አገላበጠች። «ሙከራ» የሚል ፎልደር አገኘች። ከሰባት ወር በፊት፣ ካርዷ ሳትገዛ፣ ብሎን ማይክራፎኗን ለመሞከር የቀረጸው ነው። ከአንድ እስከ ሃያ ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ለየብቻ ቀርጿል። ሌላ ምንም የለም። ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነው፤ የዱሮው ብሎን፣ ሳቁን በግድ የያዘ። ድንቢጥ እስከ አሥራ አንድ አዳመጠችና ጆሮዋን ያዘች።

ብዙ ቆይታ ትልቅ ነጭ ወረቀት አወጣች። ከላይ ወደ ታች ቁጥር ጻፈች። አንድ፣ ውሃ። ሁለት፣ አዙሩኝ። ሦስት፣ በረደኝ። አራት፣ አመመኝ። አሥራ አምስት ላይ ስትደርስ ከአራት መቶ ስድስቱ የትኞቹን እንደምትጥል መምረጥ ግድ ሆነባት፤ ጣለቻቸው። ሃያ ላይ እስክሪብቶዋን ይዛ ቆየች። ሰሞኑን ሊላት እየፈለገ ያልቻለውን ነገር ታውቀዋለች። ጻፈችው። ሃያ፣ ድንቢጥ ከፊቴ ጥፊልኝ።

ወረቀቱን እሱ ወደሚያየው ግድግዳ ወስዳ በፕላስተር ለጠፈችው። ሃያዎቹን ቁጥሮች ስክሪኑ ላይ ደርድራ ማሽኗን ደረቱ ላይ አስቀመጠች፣ አውራ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈችለት። ብሎን ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ አውራ ጣቱ ቀስ እያለች ወደ ታች ወረደች።

«ሃያ» አለ የዱሮው ድምፁ፣ ክፍሉን ሞልቶ።

ድንቢጥ ወጣች። በሩን ግን ጨርሳ አልዘጋችውም፤ የአንድ ጣት ያህል ክፍተት ተወችለት። ኮሪደሩ ላይ፣ ቀዝቃዛው ወለል ላይ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች።

እናቷ ልብስ ተሸክማ ስታልፍ ቆም አለች። «ምነው እዚህ?»

«ሃያ ብሎኛል።»

እናቷ በበሩ ክፍተት ወረቀቱን አየችው፤ አነበበችው። ልብሱን እንደተሸከመች ሄደች።

ከውስጥ ምንም አይሰማም። ድንቢጥ ጉልበቷን አቅፋ ጆሮዋን ወደ ክፍተቱ አዘነበለች። ሊጠማው ይችላል። ሊበርደው ይችላል። ጎኑም ያመዋል፣ በየሁለት ሰዓቱ መዞር አለበት። ከአንድ እስከ አሥራ ዘጠኝ ካሉት አንዱን እስኪጠራ ድረስ ከዚያ አልተነሳችም።