ሻማው በርቶ ወጣ

ሃልቮርን ሲቆፍረው ከነበረው የውሃ ጉድጓድ አውጥተው ሣሩ ላይ ሲያጋድሙት ገላው ላይ አንድም ቁስል አልነበረም። ጉድሩን የባሏን ፊት በሽርጧ ጫፍ ስትጠርግ የወጣላት ሰማያዊ ጭቃ ብቻ ነው። ያ ጭቃ ትናንት ሁሉንም አስጨፍሯቸው ነበር፤ ሰማያዊ ጭቃ ከታየ ውሃው ቅርብ ነው። በአሜሪካ በዳኮታ ሜዳ ውሃ ያላገኘ ገበሬ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ወደመጣበት ይመለሳል።

ታላቅ ወንድሟ ቶርስተን ከአጠገቧ ተቀምጦ ትከሻዋን አቀፈ።

«አይዞሽ እቴ። ነገ ከተማ እንውረድና መሬቱን በእኔ ስም አዙሪው። ሴት ልጅ ብቻዋን ይህን ሜዳ አትችለውም። እኔ እጦርሻለሁ።»

እሺ አለችው። አምስት ዓመት ያረሱት መሬት በመጪው መኸር በሕግ የራሳቸው ሊሆን ነበር፤ ግን ሃልቮር ከሌለ መሬት ምን ያደርግላታል? ወንድም ካላት ሌላ ምን አላት?

ከሰዓት በኋላ የአውራጃው አስከሬን መርማሪ ኢዝራ ሆልኮም ደረሰ። ቀጭን ሽማግሌ ነው፤ የሣር አገዳ ከአፉ አይለይም። የሟቹን ከንፈር አይቶ፣ የዓይኑን ቆብ ገልጦ ቀና አለ።

«ታፍኖ ነው የሞተው። ማን ነው ያወረደው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ፣ በገመድ» አለ ቶርስተን። «እንደ ደንቡ መጀመሪያ ሻማውን በባልዲ አወረድኩ። በርቶ ወጣ። እሷም አይታለች።»

ሌሊት ክፉ አየር ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ባልዲው መሬት እስኪቀመጥ ሻማ ይወርዳል፤ ሻማው ከጠፋ ማንም አይወርድም። ይህንን የሜዳው ሰው ሁሉ ያውቃል።

«አይቻለሁ» አለች ጉድሩን። «'በርቷል፣ ውረድ' ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ፒኬትን ጠይቁት» አለ ቶርስተን። «ምን ብሎ እንደዛተበት አገር ሰምቷል።»

ፒኬት ከብት አርቢው ጎረቤት ነው። ሜዳው በታረሰ ቁጥር ግጦሹ ስለሚጠብበት ገበሬ አይወድም። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«'መቃብርህን ነው የምትቆፍረው' አላልከውም?» አለ ሆልኮም።

«ብያለሁ። አፌ ክፉ ነው፤ እጄ ግን ሰው አይነካም።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ከወንዙ ማዶ ላሞቼን ስፈልግ።»

«ማን አየህ?»

«ላሞቼ።»

ሆልኮም ፈገግ አለ። ጉድሩን ግን ፒኬትን በጥላቻ አየችው። ክፉ የምትለው ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ እሱም ከፊቷ ቆሟል።

ሽማግሌው ጉድጓዱ አፍ ላይ የቀረውን ባልዲ አንስቶ ገለበጠው። ከዚያ ወደ በረቱ ገብቶ ፋኖስ ይዞ ተመለሰ።

«እነዚህ ዕቃዎች የታጠቡት መቼ ነው?»

«ትናንት ማታ» አለች ጉድሩን። «ሁለቱንም በአመድ ፈትጌያቸዋለሁ። የቆሸሸ ዕቃ ቤቴ አያድርም።»

«እህቴ እንዲህ ናት» አለ ቶርስተን። «አፈር ቤት ውስጥ እየኖረች አፈር ትጠላለች።»

«ጠዋት ፋኖሱን ይዞ ማን ወጣ?»

«ጋሼ ነው፤ እኛ ዘንድ አድሮ ነበር። ሳይነጋ፣ ላም ሊያልብ» አለች።

«ልክ ነው» አለ ቶርስተን።

ሆልኮም ሦስቱንም ጉድጓዱ ዙሪያ ሰበሰባቸው። እሱን ያመጣውን ጋሪ ነጂም ቶርስተን አጠገብ አቆመው።

«ሬሳውን ለማውጣት ከመውረድህ በፊት ምን አደረግህ?» አለው ቶርስተንን።

«ድርቆሽ በገመድ አስሬ ወደ ላይ ወደ ታች አልኩት፤ አየሩ እንዲንቀሳቀስ።»

«ሻማው በርቶ ወጥቷል እያልክ? ልቡ ቆሞ ቢሆንስ? ድንጋይ መትቶት ቢሆንስ? የገደለው አየሩ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ጥንቃቄ ነው።»

«ይሁን፣ ጥንቃቄ ይባልልህ። እንግዲህ ባልዲውን እዩት።» ሆልኮም ባልዲውን ገልብጦ አሳያቸው። «ከጉድጓዱ ሥር ያለው ሰማያዊ ጭቃ ሙጫ ነው። እዚያ የተቀመጠ ዕቃ ጭቃ ሳይዝ አይመለስም። ይህ ግን ትናንት ማታ እንደታጠበ ነው። ባልዲው ታች አልደረሰም፤ ቶርስተን እስከ መንገድ አውርዶ፣ አየሩ ገና ደህና ከሆነበት ነው የመለሰው። ሻማው በርቶ ቢወጣ ምን ይገርማል?»

«ምናልባት ተሳስቼ...»

«እንዳልተሳሳትክ ደግሞ ፋኖሱ ይናገራል።» ሆልኮም ፋኖሱን አዞረው። መቀመጫውን ዙሪያውን የደረቀ ሰማያዊ ጭቃ ይዞታል። «ላም ጭቃ አይታለብም። ሳይነጋ ፋኖሱን በገመድ እስከ ታች አወረድከው፤ ጠፍቶ ወጣ። ሞት ከታች እንደተኛ አወቅህ። ከዚያ ሻማውን በባልዲ ይዘህ ምስክር ጠራህ። በሌላ ቀን ቢሆን የከረመ ጭቃ ባልዲው ላይ ስለማይጠፋ ማንም አያውቅብህም ነበር። ያጋለጠህ የእህትህ አመድ ነው።»

ፒኬት ቀስ ብሎ ራቅ አለ። ቶርስተን መሬት መሬት አየ።

«የእኔን መሬት የትም ብቆፍረው አቧራ ነው» አለ በመጨረሻ። «እሱ አንዴ ቆፍሮ ውሃ ላይ ደረሰ። ነገ ጥዬ መሄዴ ነበር እኮ፣ ጉድሩን።»

የሞተው ባልሽ፣ የገደለው ወንድምሽ፤ ሐዘንሽ ቅጥ አጣ፣ ከቤትሽ አልወጣ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ጉድሩን አላለቀሰችም።

«ገንፎ እያማሰልኩ ነበር» አለች። «'ነይ እዪ፣ ሻማው እንዴት ያምራል' ብለህ ጠራኸኝ። ሌላ ቀን ጠርተኸኝ አታውቅም። ሃልቮር አንተን ሳይሆን እኔን አምኖ ነው የወረደው። መግደሉስ ይሁን ጋሼ፤ በእኔ አፍ ለምን ገደልከው?»

ጋሪው ላይ ሲያወጡት ቶርስተን ዞሮ «ብቻሽን አትችይውም» አላት። እጦርሻለሁ ያላትም በዚሁ ድምፅ ነበር፤ ይህ ከሁሉም በላይ አንገበገባት።

ሃልቮርን በቀበሩ ማግስት ጠዋት ፒኬት ቁፋሮውን ሊያግዛት አካፋ ይዞ መጣ። ጉድሩን ሻማ አብርታ ባልዲው ውስጥ አቆመችና ገመዱ እስኪላላ ድረስ ራሷ አወረደችው። ሲወጣ ሥሩ ሰማያዊ ነበር፤ ሻማው ጠፍቷል።

«በርቶ እስኪወጣ ማንም አይወርድም» አለችው፤ ድርቆሹንም ማሰር ጀመረች።