የሁለት ሰው ደመወዝ

ጂሎ በነገሌ ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያሽግ ድሬሰር ሆኖ የመጀመሪያ ደመወዙን በተቀበለ በሳምንቱ ኪሱ ባዶ ቀረ። ጓደኛ ጋብዞ፣ ዘመድ ሸኝቶ፣ ጫማ ገዝቶ ጨረሰው። ስኳር በዱቤ ሊወስድ ራሺድ ሱቅ ሲገባ ሻጯ ሮማነወርቅ፣ የሃምሳ አለቃ አዳነ ልጅ፣ ቀና ብላ አየችው።

«ደመወዝህ የት ሄደ?»

«እኔ እንጃ።»

«የት እንደሄደ ለማያውቅ ሰው ዱቤ አልሰጥም።»

አፈረ። በማግስቱ ግን ተመልሶ መጣ። «እሺ፣ አስተምሪኝ» አላት።

«መጀመሪያ የምታስቀምጠውን አንሳ፤ ከዚያ ብላ» አለችው። እቁብም አስገባችው። ስለ ብር ሊነጋገሩ ይገናኙና ሲተያዩ ይመሻል። አባቷም በመጨረሻ «ቤት የተከራየ ዕለት ሽማግሌ ይላክ» አሉ።

በ1965 ዝናቡ ቀረ። የጂሎ እናት ከብቶች ሊበን ሜዳ ላይ ተራ በተራ ወደቁ። ለቤቱ ያሰቡት እቁብ በወጣለት ሰሞን ወንድሙ ሀላኬ ከንፈሩ ደርቆ መጣ። ጂሎ ብሩን በሙሉ እህል ገዝቶበት ጫነለት። ለሮማነወርቅ ለመንገር ግን አፉ ተሳሰረ።

ወዲያው አባቷ ወደ ሐረር ተዛወሩ። እውነቱን የሰማችው አብራቸው ልትሄድ ልብሷን ስትሸክፍ ነው።

«ለእናትህ መስጠትህ አይደለም ያቃጠለኝ» አለችው። «እኔ የቤታችንን መጋረጃ እየሰፋሁ አንተ ዝም አልከኝ! ብትነግረኝ እህሉን አብሬህ እሸከም ነበር።»

ጂሎ ወጥቶ ሄደ።

ጠዋት የጦሩ መኪና ሊነሳ ሲል ጂሎ እያለከለከ ደረሰ። የወሩን ደመወዝ ሳይነካው ዘረጋላት።

«ቤት የለኝም። ያለኝ ይኼ ነው። ከእንግዲህ አንቺ ሳታውቂ ሳንቲም አልነካም። ብትሄጂም ያዢው።»

ሮማነወርቅ ብሩን አላየችም፤ ፊቱን አየች። ከመኪናው ወረደች።

«ልጄ፣ የት ልታድሪ ነው?» አሉ አባቷ።

«አላውቅም አባባ። ይቅር ይበሉኝ።»

ፊታቸውን አዞሩ። መኪናው ሄደ፤ ሁለቱ አቧራው ውስጥ ቀሩ።

ብሩን ተቀብላ ሦስት ቦታ ከፈለችው። «ይኼ ለእናትህ። ይኼ ለቤት ኪራይ። በዚህች እንበላለን።»

«ሮማን፣ ይኼ እኮ ግማሽ ወር አያደርሰንም።»

«አውቃለሁ» አለች እያለቀሰች፤ እጁንም ያዘች። «አሁን ብሩ የት እንደሚሄድ አንተም አወቅህ።»