እጁን የዘረጋው «ቶ»

ይሄ ታሪክ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ከሆነው ላይ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። መብራት አልጠፋም፣ ዝናብ አልዘነበም፣ ውሻ አላላዘነም።

ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። አራተኛ ፎቅ ላይ ባለችው የኪራይ ቤታችን፣ ፀሐይ ጠረጴዛዬ ድረስ ገብታ።

እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእኔና ከእህቴ ጋር ነው የምትኖረው። ቤቷን ለምን ዘግታ እንደመጣች ዘመድ ሁሉ ይጠይቀናል።

"እርጅና ነው፣ ብቻዋን ከምትሆን ብለን ነው" እንላለን።

እንዋሻለን።

እኔ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። ለዓመታት የሠራሁበት ማተሚያ ቤት ሲዘጋ ቤት ተቀመጥኩ። የኑሮውን ሸክም እህቴ ለብቻዋ ተሸከመችው። ታላቄ ናት፣ ነርስ ናት፣ እታለም ነው የምላት። አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም። እሱ ነው ይበልጥ የሚያሳፍረው።

በዚያ ሳምንት አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ደወለልኝ። ሥራዎችህን የምናይበት ዌብሳይት ካለህ ሰኞ ላክልን አሉኝ።

ዌብሳይት አልነበረኝም።

"አለኝ" አልኩ።

ጓደኛዬ ፈላስፋው ሊሠራልኝ ተስማማ። ፈላስፋው ቅጽል ስሙ ነው። ሥራው ፕሮግራመር ነው፤ ግን ለጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ ጥያቄ ነው። "ደህና ነህ?" ስትሉት "ምን ልሆን?" ይላችኋል።

ቅዳሜ ዕለት ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። የቀረው የራሴ ሎጎ ብቻ።

ለዳቦ ቤት ሎጎ ሠርቻለሁ። ለጥርስ ሐኪም ሠርቻለሁ። ሬሳ ሳጥን ለሚሸጥ ሰውዬ ሳይቀር ሠርቻለሁ፣ ወዶታል። ለራሴ ሲሆን ግን የራሱን ማጅራት ማየት ያቃተው ፀጉር አስተካካይ ሆንኩ።

መቀመጥ አቃተኝ። እነሳለሁ፣ በረንዳ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ውሃ ልጠጣ ብዬ እሄድና ብርጭቆ ሳልነካ እመጣለሁ።

ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይቸኩላል... ለምን እንደሚቸኩል ግን አላውቅም።

በመጨረሻ የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ጻፍኩ።

ቶ።

እስቲ ልብ ብላችሁ እዩዋት። ረጅም ቁመት። ግራና ቀኝ የተዘረጉ እጆች። ከላይ ክብ ጭንቅላት።

ፊደል አይደለችም። ሰው ናት።

"ይቺ ናት!" ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። ቁመቷን ትንሽ አስረዘምኩ፣ እጆቿን አሰፋሁ፣ ነጭ መደብ ላይ ጥቁር አድርጌ ለፈላስፋው ላክሁለት። እሱም ወዲያው ዌብሳይቱ አናት ላይ ሰቀላት።

ትንሽ ቆይቶ መልእክት ገባ።

"አሪፍ ነው። ግን አንድ እጁን ለምን አወረድከው?"

የላክሁትን ፋይል አየሁ። ሁለቱም እጆች እንደተዘረጉ ናቸው።

"አላወረድኩም" ብዬ መለስኩ።

"እርግጠኛ ነህ?"

ዌብሳይቱን ከፈትኩ...

ቀኝ እጁ ወርዷል።

የተሰበረ ወይም የጠፋ መስመር አይደለም። ልክ ሰው ሰውን ሊያሳልፍ እጁን ሰብሰብ እንደሚያደርገው ነው።

ፋይሉ ሲጫን ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። እንደገና ልልክለት ስል በሩ ተከፈተ። እታለም ከሥራ መምጣቷ ነው።

ገብታ ቆለፈች። ደግማ ቆለፈች። በቀን እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

"ምነው?" አልኳት።

"ምንም..." ብላ ቦርሳዋን ልታስቀምጥ ወደ እኔ መጣች። ላፕቶፑን ስታይ ቦርሳው ከእጇ ወደቀ።

"ማነው?" አለች በሹክሹክታ።

"ምኑ?"

"ይሄ ሰውዬ።"

"ሎጎ ነው እኮ እታለም። የስሜ ፊደል..."

"ቀስ ብለህ አውራ!"

ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና ጆሮዬ ስር ተጠጋች።

"ሁለተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ቆሟል። እጁን ዘርግቶ... ሁለቱን ግድግዳ ይዞ። ማለፊያ የለም።"

"ቀለም ቀቢ ይሆናላ።"

"እኔም እንደዛ ነው ያልኩት። 'ይቅርታ፣ ልለፍ' አልኩት።"

"እሺ?"

"አንድ እጁን አወረደልኝ።"

ዞር ብዬ ላፕቶፑ ላይ የወረደውን እጅ አየሁ።

"ፊቱስ?"

ራሷን ነቀነቀች።

"ክብ ነው" አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ተነስቼ በበሩ ቀዳዳ አጮለቅሁ። ኮሪደሩ ባዶ ነው። ወትሮ በዚያ ሰዓት ልጆች የሚሯሯጡበት፣ ጎረቤት በጎረቤት ላይ የሚጮህበት ሕንጻ... ጭጭ ብሏል።

ፈላስፋው ጋ ደወልኩ።

"አጥፋው። አሁኑኑ።"

"ምን ሆንክ?"

"በናትህ አትጠይቀኝ፣ አጥፋው ብቻ!"

የኮምፒውተር ቁልፎች ሲንኳኩ ሰማሁ። "ጠፋ" አለ። ገጹን አደስኩት። አናቱ ላይ ምንም የለም፣ ነጭ ነው። እታለም ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። እንዲያውም ትንሽ ሳቀች። የድካም ነገር ነው፣ ስንት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ውዬ ነው አለች።

ስልኩን ልዘጋ ስል ፈላስፋው ጠየቀኝ።

"ትንሿንስ ልተዋት?"

"የቷን ትንሿ?"

"'ስለ እኔ' የሚለው ገጽ ላይ ያለችውን። ከእናትህ ጎን ያስቀመጥካትን።"

እኔ እዚያ ገጽ ላይ ያስቀመጥኩት አንድ ፎቶ ብቻ ነው። እናቴ ቤቷ በር ላይ ቆማ ስትስቅ። እርሳስ ያስያዘችኝ እሷ ናት ብዬ።

ገጹን ከፈትኩ።

ከእናቴ ጀርባ፣ በሩ ውስጥ... አንዲት ቀጭን ጥቁር ቁመት።

እጆቿ መቃኖቹን ይዘዋል።

እናቴ ጋ ደወልኩ። ጠራ... ጠራ... አነሳችው።

"ማሙሽዬ፣ በኋላ ብትደውልልኝስ? እንግዳ አለብኝ።"

"የምን እንግዳ?"

"ያንተ ጓደኛ ነዋ! ስምህን ስጠራለት ራሱን ነቀነቀ። አፉ አይፈታም እንጂ ጨዋ ነው። በሩ ላይ ቆሞልኛል፣ ሳይጋብዙኝ አልገባም ብሎ።"

"እማዬ፣ ግባ እንዳትይው!"

"ነውር ነው ልጄ! የሰው ልጅ ደጅ ይቆማል እንዴ?"

ከዚያ ስልኩን ከአፏ ራቅ አድርጋ ስትናገር ሰማኋት።

"ግባ የኔ ልጅ። ግባ፣ ቤት ለእንግዳ..."

ተቋረጠ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድነው አላስታውስም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ማንም አልነበረም። የእናቴ ቤት የከተማው ዳር ነው። ታክሲ ውስጥ እታለም ክንዴን ይዛ ሾፌሩን "ትንሽ ፈጠን በልልን ወንድሜ" ትለዋለች፤ እኔ ደጋግሜ እደውላለሁ፤ አይነሳም።

ስንደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። የግቢው በር ክፍት ነው። የቤቱም በር ክፍት ነው።

እናቴ ሳሎን ቁጭ ብላ ልብስ ታጣጥፋለች።

"ውይ ልጆቼ! ምነው ፊታችሁ አመድ መሰለ?"

እታለም ሮጣ አቀፈቻት። ግንባሯን ዳበሰች፣ እጇን ይዛ የልብ ምቷን አየች። ደህና ናት። ምንም አልሆነችም።

እኔ ግን እግሬ ደፉ ላይ ቀረ።

በሩ ሥር ጫማ አለ። ጥቁር፣ ትልቅ፣ የወንድ ጫማ። ክሩ ተፈቷል፣ አፍንጫው ወደ ቤት ውስጥ ዞሯል። አባታችን ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት የወንድ ጫማ ኖሮ አያውቅም።

ጎንበስ ብዬ አንዱን ገልበጥ አድርጌ አየሁት። ሶሉ ላይ አንዲት ብናኝ አቧራ የለም። ምድር ረግጦ የማያውቅ ጫማ ነው።

እንደነበረ መልሼ አስቀመጥኩት።

"እማዬ... ይሄ የማን ጫማ ነው?"

እናቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"ቀስ በል" አለችኝ። "ተኝቷል።"

የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል።

እኔና እታለም ተያየን። ምንም ሳንነጋገር እሷ አንድ እጇን፣ እኔ አንድ እጇን ይዘን እናታችንን ብድግ አደረግናት።

"እንግዳ ጥዬ? ኧረ ነውር ነው! ሰው ምን ይለኛል?" እያለች ይዘናት ወጣን። የሚታጠፈው ልብስ አንዱ እጇ ላይ እንዳለ ነበር።

የግቢው በር ላይ ስደርስ አንድ ጊዜ ዞር አልኩ።

ባልዞር ይሻለኝ ነበር።

የቤቱ በር እንደተከፈተ ነው። በሩ ላይ ማንም የለም። ጫማው ግን ዞሯል።

አፍንጫው ወደ እኛ ነው።

የቀኙ ክር ታስሯል...

የግራው እየታሰረ ነበር።