ወዬ ያልኩት ለማን ነበር?

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ፤ እኔ በእንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም። ደሴ ውስጥ የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተማሪ ነኝ፣ ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ መጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ጂኒ ያፏጫል" ብለው አንሄድም ሲሉኝ፣ ክፍሉን በሙሉ በሰልፍ ይዤ ሄጄ፣ የተሰነጠቀውን የውኃ ቧንቧ አሳይቼ፣ አየር በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ለምን እንደሚያፏጭ በእስክሪብቶ ክዳን እያፏጨሁ አስረድቼ የመለስኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ "ይቺ ከድሮም ፈሪ ናት" እንዳትሉኝ። እመኑኝ፣ ቧንቧውን ፈልጌ ነበር።

ከመቀጠሌ በፊት አንዲት ቃል ላስረዳ፣ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሷ ዙሪያ ስለሆነ። ታላቅ ሰው ሲጠራችሁ "አቤት" ትላላችሁ፤ እኩያችሁ ወይም የምትወዱት ሰው ሲጠራችሁ ግን "ወዬ" ነው። አቤት ውስጥ ከተቀመጡበት መነሣት አለ፣ ወዬ ውስጥ ግን መቅረብ አለ፣ ለማያውቁት ሰው ወዬ አይባልም። እናቴ ደግሞ ልጅ ሳለሁ "የጠራሽን ሳታዪ ወዬ አትበይ፣ ሁለተኛ እስኪጠራሽ ጠብቂ፣ ሰው ከሆነ ይደግመዋል" ትለኝ ነበር፣ እኔም ካደግሁ በኋላ "ጆሮ የድምፅን አቅጣጫ ይስታል ማለቷ ነው" ብዬ ተረጎምኩት። ለሁሉም ነገር ትርጉም ነበረኝ።

ብርቱካን ከአንደኛ ክፍል እስከ ማትሪክ አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የተቀመጠች ጓደኛዬ ናት። ሙሉ ስሜ ማስተዋል ነው፣ ማስቲ ብሎ የሚጠራኝ ግን ከእሷ ሌላ ሰው የለም። ዲቪ ደርሷት ሚኒሶታ ከገባች ቆይታለች፣ እዚያው ሰለሞን የሚባል ትራክ ነጂ አግብታለች፣ ሶል ትለዋለች፣ እኔም ለአስተማሪዎች ስልጠና ቺካጎ ስሄድ "አንድ ሳምንት ካልሰጠሽኝ አላውቅሽም" ስላለችኝ፣ ስልጠናው ሲያልቅ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሴንት ፖል ወረድኩ። የእኛ በጋ የእነሱ ክረምት ነው፣ ገና ሻይ ሳይጠጣ ይጨልማል፣ ብርቱ አቅፋኝ አልለቅ አለችኝ፣ እኔ ከብርዱ የተነሣ መልሼ ማቀፌን እንኳ አላስታውስም።

ቤታቸው ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ነው፣ ወደ ወንዙ በሚያወርደው መንገድ መጨረሻ ላይ። መኪናውን ጋራዥ አስገብታ፣ የቤቱን በር ከፍታ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ጮክ ብላ "ወዬ!" አለች።

"ማንን ነው?" አልኳት።

"ምኑን?"

"ወዬ ያልሽው።"

"አ፣ ልማድ ነው። ጫማሽን እዚህ አውልቂ፣ ምንጣፉ ነጭ ነው፣ ሶል ይጮኻል።"

ብቻዋን የምትውል ሴት ከቤቷ ጋር ታወራለች ብዬ አለፍኩት። ሰለሞን ጭነት ይዞ ከወጣ በወር ሁለት ጊዜ ቢመለስ ነው፣ እሷ ደግሞ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ትሠራለች፣ ኦቨርታይም ከተገኘ አታልፍም። እኔ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ልጅነታችን የምናወራ መስሎኝ ነበር፣ ግን በጨለማ ትወጣለች፣ በጨለማ ትመለሳለች፣ እራት እየበላን ዓይኗ ይከደናል። ስትወጣ የምትነግረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ቲቪውን አታጥፊው።"

ቀኑን ሙሉ በመስኮት አያለሁ። ሰው አይታይም። የጎረቤት ጋራዥ በራሱ ይከፈታል፣ መኪና ይገባል፣ በራሱ ይዘጋል፣ በቃ፣ ሰውዬው ቀጭን ይሁን ወፍራም አላውቅም። አንድ ቀን አጋዘኖች ከወንዙ በኩል መጥተው አጥሩ ጋ ቆመው አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው፣ ደስ ብሎኝ "ደህና ዋላችሁ?" ብያቸዋለሁ፣ ከዚያ በራሴ አፈርኩ። ሳምንት ያልሞላው ብቸኝነት እንዲህ ካደረገኝ እሷን ምን አድርጓት ይሆን ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

በሳምንቱ መሃል፣ ከቀትር በኋላ፣ በረዶው ሰማያዊ መሆን ሲጀምር፣ ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት እልጥ ነበር፣ መብራት ማባከን ስለማልወድ ቲቪውን አጥፍቼዋለሁ። መጀመሪያ ከታች ምድር ቤቱ፣ ቤዝመንት የሚሉት ውስጥ ያለው ሂተር "ቷ" አለ፣ ይኼን አውቀዋለሁ፣ ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል። ቀጥሎ ደረጃው ተንቋቋ፣ ይኼንንም አውቀዋለሁ፣ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። ከዚያ "ማስቲዬ!" የሚል ሰማሁ፣ በብርቱ ድምፅ፣ ከታች፣ እጁ በልብስ የተሞላ ሰው "እስኪ ነይ ያዢልኝ" ሊል እንደሚጠራው ያለ። ከሥራ ቶሎ ወጥታ በጋራዡ የገባች መስሎኝ "ወዬ!" አልኩና ቢላዋውን አስቀምጬ ወረድኩ።

ማንም የለም። መብራቱም አልበራም። ሳበራው የልብስ ማጠቢያው ማሽን ክዳኑ ተከፍቷል፣ ባዶ ነው፣ ሂተሩ አጠገብ ደግሞ ትራስ የተደረገበት አንድ የፕላስቲክ ወንበር አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ጋራዡን አየሁ፣ መኪናዋ የለችም። ደወልኩላት።

"ብርቱ፣ የት ነሽ?"

"ሥራ ነኛ። አንዲት ሴትዮ እያበላሁ ነው፣ ምነው?"

"አይ፣ የጠራሽኝ መስሎኝ…"

ማንኪያ ከሳህን ጋር ሲጋጭ ይሰማኛል።

"ከታች ነው?" አለችኝ። እኔ ከታች አላልኳትም ነበር። "ወዬ አልሽ?"

"አዎ።"

"እሺ። ቲቪውን ክፈቺና ጠብቂኝ።"

ስትመጣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች፣ የጫማዋ በረዶ ነጩ ምንጣፍ ላይ ይቀልጣል፣ ግድም አልሰጣት። "ማርያምን በይኝ፣ እውነት ሰምተሻል?" አለችኝ። ማርያምን አልኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ መሃል አለቀሰች።

"እኔን ከአምናው ስኖው ጀምሮ ይጠራኛል" አለች። "ብርቱዬ ይለኛል፣ ተማሪ ሳለን ደወል ተደውሎ ስዘገይ ከበሩ ላይ ሆነሽ ትጠሪኝ እንደነበረው። ማስቲ፣ ድምፁ የአንቺ ነው።"

"የእኔ?"

"የአንቺ። መጀመሪያ ፈራሁ፣ በኋላ ግን… ወዬ እለዋለሁ። ለሶል ነገርኩት። እሱ ጤናሽ ተቃውሷል ነው የሚለኝ፣ ለበዓል ሲመጣ ቲኬት ቆርጦ ደሴ እናቴ ጋ ሊልከኝ ነው፣ እስኪሻልሽ ይላል፣ እንደተበላሸ ዕቃ። ከሄድኩ ሥራዬ ይሄዳል፣ ትዳሬም አብሮ ይሄዳል፣ 'አብዳ ተመለሰች' ሲባል ታይኛለሽ? አንቺ ንገሪው። ሳይንስ አስተማሪ ነሽ፣ አንቺን ያምንሻል።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ያልገባኝን ነገር እውነት ነው ብዬ መመስከር አልችልም፣ ጆሮዬ የሰማውን አልሰማሁም ማለትም አልችልም። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ሙከራ አደረግን። እሷ ታች ወርዳ በሂተሩ ቱቦ ውስጥ ጠራችኝ፣ ድምፁ ከቆርቆሮ ውስጥ እንደሚወጣ ሆኖ መጣ፣ እሱ አይደለም። በመስኮቱ በኩል ከውጭ ጠራችኝ፣ ጭራሽ አልተሰማም። ስልኮቻችንን አጥፍተን፣ ቲቪውን ነቅለን አዳመጥን፣ ምንም የለም። ሳይንስ ላይ ያልተሳካ ሙከራም ውጤት ነው እላለሁ ለተማሪዎቼ፣ ያን ዕለት ግን ምንም አላጽናናኝም።

እራት ቀርቦ ሰለሞን ደወለ፣ ነብራስካ ነዳጅ ሊሞላ ቆሞ ነው፣ ብርቱ ስፒከር ላይ አድርጋ ስልኩን በመሃላችን አስቀመጠችው።

"ቲቸር! እንዴት ነው ሚኒሶታ? ፍሪጅ ውስጥ ገብቶ መኖር ለመደልሽ?"

"እናንተ እኮ እዚህ እንደ ሥጋ ነው የተቀመጣችሁት" አልኩት፣ ሳቀ፣ ጥሩ ሰው ነው። ከዚያ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት፣ ምን እንደሰማሁ፣ የት እንደሰማሁ፣ ምን እንደሞከርን። ስጨርስ አፌ ደርቆ ስለነበር አንድ ትልቅ ጉርሻ ጎረስኩ።

"ኧረ ቲቸር!" አለ ሰለሞን። "እኔ አንቺ መጥተሽ ታስተካክያታለሽ ብዬ ስጠብቅ አንቺም ገባሽበት? እኔ እኮ ጠልቻት አይደለም፣ ስምንት መቶ ማይል ርቄ ድራይቭ እያደረግሁ ሚስቴ ከግድግዳ ጋር ታወራለች ብዬ ሳስብ እንቅልፍ አልተኛም። እሷ ራሷ ትንገረኝ።" ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። "ብርቱ!"

ብርቱ ከንፈሯን ነከሰች።

"ወዬ!" አለ ከታች።

የእኔ ድምፅ ነበር። እመኑኝ፣ አፌ ሙሉ ነው፣ ሽሮው ጉንጬ ውስጥ እንዳለ ነው። ብርቱ እኔን አታይም፣ የቤዝመንቱን በር ነው የምታየው፣ ፊቷ ላይ ደግሞ ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንዲህ አላስበውም ነበር።

"አንቺን አይደለም ቲቸር፣ ብርቱን ነው የጠራሁት" አለ ሰለሞን። "ሄሎ? ምነው ድምፅሽ ራቀ? ቤዝመንት ወርደሽ ምን ትሠሪያለሽ?"

ጉርሻውን እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም። "ሰለሞን" አልኩት፣ "እዚህ ነኝ። ስልኩ አጠገብ።"

የትራኩ ሞተር ብቻ ይሰማል። "ኮታችሁን ልበሱ" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ የሌላ ሰው ሆኖ። "ሁለታችሁም። ወደ እህቴ ቤት ሂዱ።"

የሰለሞን እህት ሜፕልዉድ አፓርታማ ነው የምትኖረው። የቀረውን ሳምንት እዚያ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተኛን፣ ልጆቿ "አንቲ፣ ዋይ አር ዩ ጋይስ ዊስፐሪንግ?" እያሉ በመንሾካሾካችን ይስቁብናል፣ እናታቸው በአማርኛ ትቆጣቸዋለች፣ እነሱ በእንግሊዝኛ ይመልሱላታል፣ የዚያን ቤት ጫጫታ ያህል የወደድኩት ነገር የለም። የደሴው ቲኬት ነገር ቀረ። ሰለሞን ቤቱን ሸጠ፣ እዚያው ሜፕልዉድ አፓርታማ ተከራዩ፣ ማታ ማታ የሚገባበት የከተማ ውስጥ ሥራም ያዘ። እኔ ተመልሼ ለእናቴ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ "ሁለተኛ ጠርቶሽ ነበር?" አልጠበቅኩም አልኳት። ከዚያ በኋላ ወሬ ቀየረች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እኔም ትርጉም አላጣለትም ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ብርቱ ደወለችልኝ።

"የት ነሽ? ንፋስ ይሰማኛል" አልኳት።

"መኪና ውስጥ። ኢንቨር ግሮቭ።"

"እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ምንም። ከድሮው ቤታችን ፊት ለፊት ቆሜ ነው። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጌ።"

"ብርቱ! በዚያ ብርድ?"

"አዲሱ ቤት ደህና ነው ማስቲ። ሙቀት አለው፣ ሶልም ይገባል፣ በልቶ ይተኛል። ግን የሚጠራኝ የለም። ሥራ ቦታ ሁሉንም ሰው 'ኸኒ'፣ 'ማሬ' ነው የሚሉት፣ ሶል 'ስሚ' ነው የሚለኝ፣ ካልተቆጣ ስሜ አይመጣለትም።"

"እኔ አለሁ አይደል? በየቀኑ ደውዬ እጠራሻለሁ።"

"አንቺ ሩቅ ነሽ" አለችኝ፣ ሳትከፋ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው።

ስለ አየር፣ ስለ ጆሮ፣ ስለ ብቸኛ ሰው አእምሮ የማውቀውን ሁሉ ላስረዳት ፈለግሁ፣ አንዱም ከአፌ አልወጣ አለኝ። በስልኩ ውስጥ ንፋሱ ይነፍሳል። ቢያንስ ስሟን ልጥራት ብዬ፣ ገና አፌን ሳልከፍት፣

"ወዬ" አለች።