የጋሼ ሸዋንግዛው ድርጎ

ዛሬ ቅሉ እስከ አፉ ሞልቶ ፈሰሰ። ፈትለወርቅ በቆሎውን አየች፤ ቀና ብላም ጋሼ ሸዋንግዛውን አየቻቸው። ሌላ ቀን ግማሽ እንኳ አይደርስም ነበር።

«ምነው ፈዘሽ ቀረሽ፣ ልጄ? ድርጎሽን ተቀበይ እንጂ!» አሏት እየሳቁ።

በጋውን ሙሉ እዚህ መጋዘን ውስጥ ጎንበስ ብላ የተበላሸውን ቡና ከደህናው ስትለይ ከርማለች። ቡናው ወደ ጋምቤላ ሲጫን ለቀሚስ የሚሆን አቡጀዲ ሊሰጧት ቃል ገብተውላታል። የለበሰችው ተበጣጥሶ ቤተ ክርስቲያን መሳም ከተወች ቆይታለች። የማታ የማታው በቆሎ ምርቃት ነበር የመሰላት። ትናንት ግን አያቷ እማማ ወለተ ማርያም «ድርጎ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ እንዝርታቸውን አቆሙ።

«ማን ነው ድርጎ ያለው? እሱ ራሱ?»

«አዎ። ምን አለበት፣ እማማ?»

«ድርጎማ ዱሮ ባላገሩ ለመንግሥት እንግዳ የሚያወጣው ቀለብ ነው፤ እንጀራው፣ ማሩ፣ በጉ። እንግዳ በልቶ ይሄዳል እንጂ ዋጋዬን አይልም። ኋላ ጌቶች ብልሃት አገኙ፤ ለሎሌ እፍኝ እህል ይሰፍሩና ድርጎ ይሉታል። ምንዳውን የጠየቀ ዕለት መልሱ ‹ስትበላ አልከረምክም?› ነው። ተይ ልጄ፣ ልቤ አልወደደውም።»

ፈትለወርቅ ስቃ ነበር። አብራት የምትሠራው መንበረም ጠዋት ስትሰማ፣ «አያትሽ እኮ ጥላቸውንም ‹ምን ልትሰርቂ ተከተልሽኝ?› ይላሉ!» ብላ አስቃታለች።

አሁን ሳቁ አልመጣም። ውጭ በቅሎዎቹ እየተጫኑ ነው፤ ጋሼ ነገ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ይወርዳሉ። ስለ አቡጀዲው ግን ትንፍሽ አላሉም። ይልቁንም በር ላይ ወደቆሙት ነጋዴዎች ዘወር ብለው፣ «ያው እንደምታዩት ነው፤ ልጆቹን በድርጎ ነው የማኖራቸው። አንድ ቀን አጓድዬባቸው አላውቅም» አሉ።

ማንም አልጠየቃቸውም።

«ኮቱ፣ ነይ እንጂ!» አለች መንበረ፣ የራሷን ቅል እንዳቀፈች። «ተቀበይና እንሂድ፤ ሊዘንብ ነው።»

የፈትለወርቅ ሆድ ጮኸ። ቤትም ለራት የሚሆን የለም። በቆሎውን ትታ አቡጀዲውንም ብታጣስ? ደግሞ እማማ ያለ ነገሩ ሰው ጠርጥረው ቢሆንስ?

ቅሉን በሁለት እጇ ተቀበለች። ጎንበስ ብላ በቆሎውን ወደ ጆንያው መልሳ ገለበጠችው።

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ ጋሼ ሸዋንግዛው፤ ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፍቷል።

«አቡጀዲዬን ልጠብቅ ነው፣ ጋሼ።»

ከዚያ ጫኞቹ ጆንያ ተሸክመው በሚወጡበት ደፍ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።